አዋጁ እንዲሠራ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኛ፣ ማንም ያልመረጠን፣ ማንም ያልሾመን፣ ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ በገዛ ፈቃዳችን ሥልጣን የያዝን፣ በብስራተ ገብርኤል ለምትኖሩ፣ ለምትነግዱና ታክሲ ለምትጠብቁ ሁሉ ይህን አውጀናል። ወይን ጠጅ ከብስኩትና ከሳሙና ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መሸጡ ሕግ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሆኖ በመገኘቱ፤ ሕግ ግን ቀድሞ የወጣለት ሆኖ በመገኘቱ፤ የወጣውም ሕግ ካሸሯ ፊት ሲደርስ ድምፁ የሚጠፋ ሆኖ በመገኘቱ፣ ያለውን ሕግ ሁለተኛ ጊዜ መደንገግ አስፈልጓል። ሕዝብ አቤቱታ አቅርቦልናል ብለን አንዋሽም። ማንም አልጠየቀንም፤ አዋጅም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እንዲሁ ነው።

በቅድሚያ ትርጓሜ። በዚህ አዋጅ «ሱፐርማርኬት» ማለት በላፍቶ ሞል ዙሪያም ሆነ በየመንደሩ መግቢያ የሚገኝ፣ ደንበኛው ዕቃውን ራሱ አንስቶ ወደ ካሸር የሚሄድበት መደብር ነው። «ግሮሰሪ» ማለት ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ድራፍቱ እየተቀዳ ስለሆነ ማብራሪያ አይሻም። ይህን የምናነሳው ባሕር ማዶ ካሉ ወገኖቻችን ጋር እንዳንደናገር ነው። በአሜሪካ «ወይን ግሮሰሪ ይግባ» የሚል ዘመቻ አለ ሲባል የሰፈራችን ሰው «ታዲያ ድሮስ የት ነበር?» ማለቱ አይቀርም። እዚያ ግን ነገሩ የእውነት ጠብ ነው። በሜሪላንድ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ፣ የምግብ መደብሮች በአብዛኛው ወይንም ቢራም አይሸጡም። ኒው ዮርክ ቢራውን ለምግብ መደብር ፈቅዳ ወይኑን ለመጠጥ መደብር ብቻ ትታለች። ቴኔሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጓን ብታሻሽልም ወይኑ መደርደሪያው ላይ የወጣው በ2016 ነው። ኮሎራዶ በ2022 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ በጠባብ ልዩነት አሳልፋዋለች። የጭቅጭቁ ሥር ከ1920 እስከ 1933 በመላ አገሪቱ የቆየው የመጠጥ ክልከላ ነው፤ ክልከላው ሲነሳ የሽያጩ ሥርዓት ለየክፍለ ግዛቱ ተተወ፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ሄደ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች የሚጣሉት በመደርደሪያ ነው፤ በዕድሜ አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 የፌዴራሉ መንግሥት የመጠጥ ዕድሜን 21 ላላደረገ ክፍለ ግዛት ከመንገድ ሥራ በጀቱ እቀንሳለሁ ስላለ፣ ሁሉም አንድ በአንድ 21 አሉ። ወይኑ በየትኛውም መደብር ይሸጥ፣ ገዢው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ሳይቀር የሚጠየቅበት ቦታ አለ። የእኛም ሕግ የመረጠው ቁጥር ያው 21 ነው። ልዩነቱ እኛ መደርደሪያውን ያለ ጠብ ለቀን፣ ጥያቄውንም አብረን መልቀቃችን ነው።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለ አልኮል መጠጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተናግሯል። መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይተዋወቅም፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም አይሸጥም። የመጀመሪያው ወዲያው ሠራ። በዜናና በኳስ መሐል ይገባ የነበረው የቢራ ዘፈን ጠፋ፤ የማስታወቂያ ገቢ የቀረባቸው ጣቢያዎች ቅር ቢላቸውም ታዘዙ። ሁለተኛው ሲሠራ ያየ ሰው ካለ ለዚህ ጽሕፈት ቤት ያመልክት፤ ለአንድ ወጣት ወይን ከመሸጧ በፊት ዕድሜውን ጠይቃ የምታውቅ ካሸር ከተገኘችም አዋጁ ይሸልማታል። ሁለቱን ድንጋጌዎች የለያያቸው የአንደኛው ማማርና የሌላው መክፋት አይደለም። ጣቢያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ፈቃዳቸው የታወቀ ነው፣ የሚናገሩትም አገር ሁሉ የሚሰማው ስለሆነ አንድ ደብዳቤ ይበቃቸዋል። የመሸጫ ባንኮኒ ግን በከተማው ስፍር ቁጥር የለውም፤ እዚያ የሚደረገውን የሚሰማው ከሻጭና ከገዢ ሌላ ማንም የለም። ሕጉ የደረሰው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ውጤቱም አስቂኝ ሆኗል፦ ስለ ጠርሙሱ በአደባባይ ማውራት ተከለከለ፣ ጠርሙሱን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በፌስታል አድርጎ መስጠት ግን እንደ ልብ ነው።

ቁጥጥሩ ከአቅም በላይ ነው የሚሉን አሉ። ከአቅም በላይ መሆኑን እንዳናምን የሚያደርገን በሩ ላይ ያለው ፍተሻ ነው። ሞል ስንገባ ኪሳችንና ቦርሳችን ይዳሰሳል። ሱፐርማርኬት ስንገባ ይዘን የመጣነው ዘንቢል መግቢያው ላይ ይቀመጣል፤ ስንወጣ ጥበቃው ደረሰኛችንን ተቀብሎ ከዕቃው ጋር ያመሳክራል። አንድ ማስቲካ ያልተከፈለበት እንዳይወጣ ይህን ሁሉ የሚያደርግ መደብር፣ አንድ ጥያቄ መጨመር አቃተኝ ቢል ይህ አዋጅ አይቀበለውም። የቀበሌ መታወቂያ አለ፤ አሁን ደግሞ ፋይዳ አለ፣ ለባንክ ሒሳብ እንኳ የሚጠየቅ። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ምክንያት ነው፤ ማስቲካው ቢጠፋ የሚከስረው ባለመደብሩ ነው፣ ወይኑ ለልጅ ቢሸጥ ግን ባለመደብሩ ያተርፋል። ስለዚህ ቅጣቱ በደመወዝ በምትኖረው ካሸር ላይ ሳይሆን በንግድ ፈቃዱ ባለቤት ላይ እንዲያርፍ ደንግገናል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሆነ የከተማው ንግድ ቢሮ በዓመት አንድ ቀን ወጣት ገዢ ልኮ ቢያስሞክር፣ ወሬው ከሳር ቤት ተነስቶ ቆሬ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

«ልጁ ለራሱ አይደለም፣ አባቱ ልኮት ነው» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም ይከብዳል፤ በቀልድ አናልፈውም። ልጅ መላክ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፣ አስተዳደግ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ሮጦ ሁለት ቢራ ወይም አንድ ጉደር ይዞ ይመለሳል፤ ባለሱቁ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፣ ዱቤም ቢሆን ይጽፍለታል። ይህ መተማመን የሰፈር ሀብት ነው፤ ሕግ አውጪ ሲነካው መጠንቀቅ አለበት። ነገር ግን ሻጩ ጠርሙሱን ተከትሎ ቤት ድረስ ሊሄድ አይችልም፤ የሚያየው የተቀበለውን እጅ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሕጉ ማን ጠጣው ሳይል ለማን ተሸጠ የሚለው። በአሥር ዓመቱ ለአባቱ የተላከ ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቱ ለራሱ ሲመጣ መንገዱንም ሻጩንም ያውቃል፤ ባለሱቁ አምናና ዘንድሮን የሚለይበት ምንም የለውም። በመሆኑም በዚህ አዋጅ መሠረት አባት ራሱ ይሄዳል። እግሩን የሚያመው አባት ጎረቤቱን ይላክ፤ ጎረቤት ከሌለው ውኃ ይጠጣ። ካሸሯ «ይቅርታ ጋሼ፣ መታወቂያዎን» ስትል ደግሞ ጋሼ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሙገሳ ይቁጠሩት።

ወይን የባለጸጋ መጠጥ ነው፣ ወጣቱን የሚያጠፋው አረቄ ነው የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። አረቄው በየጓዳው ይወጣል፣ ጠላው በየቤቱ ይጠመቃል፤ ስያሜም፣ የአልኮል መጠን የተጻፈበት ወረቀትም የለውም፤ አዋጅ ቁጥር 1112 ደጃፉን አያውቀውም። ይህ ግን በሚታየው ቦታ ሕግን ላለማስከበር ምክንያት አይሆንም። ጠጅም ቢሆን በአንድ ወቅት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ዛሬ የት እንደደረሰ ጠጅ ቤት ቆሞ የሚጠብቅ ሁሉ ያውቃል። የወይኑም መንገድ ወደዚያው ነው። ጎረቤታችን መካኒሳ ፋብሪካ ያለው አዋሽ ወይን ጠጅ ጉደርንና አክሱሚትን ለትውልድ ሲያጠጣ ኖሯል፤ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ንብረት ስለነበር መንግሥት ራሱ ባለወይን ነበር ማለት ነው። ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ወይን ተክሎ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሪፍት ቫሊንና አካሺያን ለገበያ አቅርቧል። የአገር ውስጥ ምርት ይጎዳል ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ዕድሜ በመጠየቁ የሚጠፋው ደንበኛ ሕጉ ድሮም ያልፈቀደው ደንበኛ ብቻ ነው። በዚህ እከስራለሁ የሚል ፋብሪካ ካለ ደንበኛው ማን እንደነበረ ይንገረን።

ከብስራተ ገብርኤል ደብር ወገን፣ በተለይ በየወሩ በ19 ጠዋት፣ «ጨርሶ ይከልከል» የሚል ድምፅ ይሰማል። የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ስለሆነ በሱፐርማርኬቱ መዘጋት ቤተ ክርስቲያን የሚጎድልባት የለም፤ ይህን አናጣውም። ሆኖም አሜሪካኖች አሥራ ሦስት ዓመት ሞክረውት መጠጡ ወደ ጓዳና ወደ ወንበዴ እጅ ገባ እንጂ አልጠፋም። ጓዳው ደግሞ እኛ ዘንድ አስቀድሞም ሞልቷል። በዚያ ላይ ውኃው ወይን የሆነበትን ቃና ዘገሊላን በየዓመቱ ጥር 12 በእልልታ እናከብራለን። በዚያ ሰርግ ቤትም ቢሆን ወይኑ ለእድምተኛው ከመድረሱ በፊት የሰጡት ለአሳዳሪው ነው፤ ቀምሶ የሚመሰክር፣ ለማን ምን እንደሚቀዳ የሚያውቅ ሰው ነበረ። እኛ ጋ ወይኑም እድምተኛውም አለ፣ የጠፋው አሳዳሪው ነው።

ስለዚህ ወይኑ ካለበት መደርደሪያ እንዳይነሳ፣ ወደ ልዩ መደብርም እንዳይሰደድ፣ ከሕፃናት ወተት ግን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ እንዲል፣ በእያንዳንዱ ካሸር ፊትም «21 ዓመት» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲለጠፍ ታዟል። ጽሑፉን ለጥፎ የማይጠይቅ መደብር ካልለጠፈው እኩል ይቀጣል። መሸጋገሪያ ጊዜ አልሰጠንም፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፈው ጊዜ እንደ መሸጋገሪያ ተቆጥሯል። ይህ አዋጅ አራት ወይኖችን በስማቸው ስለጠራ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይነበብም፤ የሚጸናው ድምፅ ሳያሰማ ባነበበው ሰው ላይ ብቻ ነው፣ እሱም 21 ዓመት የሞላው እንደሆነ።