የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

በአዲስ አበባ ከመርካቶ እስከ መገናኛ፣ ከሾላ ገበያ እስከ ሳሪስ ባሉ አነስተኛ ሱቆች ውስጥ፣ ከተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ጎን ወይም ከገንዘብ መሳቢያው በላይ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ ማግኘት ያስቸግራል። ማስታወቂያው አንዳንዴ በካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ አንዳንዴ ፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞና ላሚኔት ተደርጎ፣ ገበያው በቀናለት ሱቅ ደግሞ በቀይ ስቲከር ተሠርቶ ይታያል፤ በሁሉም ዘንድ ግን ቃሉ አይለወጥም፣ «እባክዎ» አይጨመርበትም፣ ስለ ብልሽትም ሆነ ስለ ጊዜ ገደብ አንዳች አያነሣም። ጉዳዩ ይህን ያህል ትኩረት የሚገባው አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ሱቅ በገባ ቁጥር ዓይኑ ሳይወድ ወደ ግድግዳው ስለሚሄድ፣ ነገሩን መርምሮ መገላገል ሳይሻል አይቀርም።

ማስታወቂያው የተለጠፈው ከሕግ ሥጋት ለመጠበቅ ነው፤ የሕግ ሥጋት የሚባለውም አንድ ነጋዴ በሠራው ወይም መሥራት ሲገባው በተወው ነገር ተከሶ ገንዘቡን፣ ንብረቱን ወይም ነጻነቱን ሊያጣ የሚችልበት ዕድል ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ሥጋት የሚከታተል የሕግ ክፍል አቋቁመው፣ ነገረ ፈጅ ቀጥረው፣ ውሎቻቸውን ገጽ በገጽ እያስፈረሙ ይኖራሉ። አነስተኛው ነጋዴ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ስለሌለው የሕግ ክፍሉን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ዓመት ፈቃድ አይወጣም፣ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሰጠው መልስም አንድ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ የሕግ ክፍል ምክር ከሕጉ ጋር የሚስማማ አይመስልም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው አንቀጽ 1686 አንደኛው ተዋዋይ ለንግዱ ያወጣው ጠቅላላ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው ይኸኛው ወገን ደንቡን ዐውቆ የተቀበለው እንደሆነ፣ ወይም ደንቡ በመንግሥት ባለሥልጣን የታዘዘ ወይም የጸደቀ እንደሆነ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ከማስታወቂያው ፊት ለፊት የቆመ ገዢ የሚያየው ዋጋውንና የሚመለስለትን መልስ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ በሳሙና ካርቶን ተሸፍኖ «አይመለስም» የምትለው ብቻ ትታያለች፤ ምን እንደማይመለስ፣ ዕቃው ይሁን መልሱ፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው መለየት አይችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል፤ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች፣ ማለትም ዕቃውን ለንግድ ሳይሆን ለራሱ ጥቅም የገዛ ሰው፣ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ የተሸጠ ዕቃ፣ ብልሽት ካለበት፣ ይመለሳል። ግድግዳው ይህን አልሰማም።

እውነቱን ለመናገር ነጋዴው ሕጉ የሚሻውን ነገር ሳያውቀው በየቀኑ ይፈጽማል። የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ባንኮኒ ላይ በሁለት ምስማር የተያዘች፣ ሽቦዋ በፕላስተር የተጠቀለለች አንዲት የአምፖል መሞከሪያ ሶኬት አትታጣም። ሻጩ አምፖሉን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ በሹራቡ እጅጌ ጠረግ አድርጎ፣ ያስገባና ማብሪያውን ይጫናል፤ ሲበራ «ይኸው» ይላል፤ ገዢው «እሺ» ይላል፤ አምፖሉም ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ዕቃው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነማ ገዢዋ መዳፏን ከምጣዱ በላይ ዘርግታ፣ ሙቀቱ ከመሃል እስከ ጠርዝ እኩል መድረሱን እስክታረጋግጥ ሌላው ገዢ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ዕድል ባገኘ ጊዜ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ስለሚያዝ፣ ዐውቆት የገዛውን ጉድለት ደግሞ ምክንያት አድርጎ ሻጩን ሊጠይቅ ስለማይችል፣ በዚያች ሶኬት ላይ የምታልፈው ግማሽ ደቂቃ ከየትኛውም ስቲከር ይልቅ ሻጩን ትጠብቀዋለች፤ ምስክር ቢያስፈልግም ከኋላ የቆመው ገዢ አለ። ችግሩ የሚመጣው መብራት በጠፋ ዕለት ነው። በዚያን ዕለት ሻጩ ራሱ «ቤት ወስደህ ሞክረው፣ ካልሠራ አምጣው» እያለ ይሸጣል። ስለዚህ በሱቁ ሁለት ሕጎች ይሠራሉ፤ አንደኛው መብራት ሲኖር፣ ሁለተኛው ሲጠፋ። የደንበኛ ሕግ ሲጨመርበት ሦስት ይሆናሉ፤ ለደንበኛ ሁሉም ይመለሳልና።

የሚያስገርመው ነጋዴው ለአምፖል ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ቤቱን ሊያስሸጡት በሚችሉት ጉዳዮች ላይ የሚያሳየው ቸርነት ነው። ቼክን እንውሰድ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ማለትም ባንክ ውስጥ የሚሸፍነው ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ፣ አውጥቶ የሰጠን ሰው በእስራት ይቀጣል፤ ቼክ ደግሞ በሕግ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ስለሆነ፣ ፊቱ ላይ የተጻፈው የወደፊት ቀን ባንኩን አያስቆመውም። ይህ ሁሉ ሆኖ «ለመያዣ ብቻ ነው፣ አይመነዘርም» በሚል ቃል ፈርሞ የሚሰጠው ነጋዴ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ዋስትናም እንዲሁ ነው። ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም እስከማለት ደርሶ ለዋሱ ተጨንቆለታል፤ ዋሱ ግን ይሉኝታ ይዞት፣ መጠኑን ሳያነብ፣ ብዕር ተውሶ ይፈርማል። ሠራተኛ ከሆነ የሚቀጠረው የአክስት ልጅ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ቢያዝም፣ ለአክስት ልጅ ወረቀት መስጠት በዘመድ መካከል ነውር ስለሆነ ይቀራል፤ ነውሩ የሚነሣው የሥራ ክርክር መጥሪያ የመጣ ዕለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል፤ ይኸውም የሱቁ ዕዳ የባለቤቱን መኖሪያ ቤት እንዳይነካ ታስቦ ነው። ማኅበሩን ያቋቋመው ሰው ብድር ሲጠይቅ ባንኩ በግሉ ዋስ እንዲሆን ያስፈርመዋልና ኃላፊነቱ ተወስኖ የሚቆየው እስከ ፊርማው ጠረጴዛ ድረስ ነው።

ክስ ራሱ ለዚህ ሀገር ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ተከራካሪዎች ነጠላቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ቁራኛ ይሆኑ ነበር፤ ባለዕዳውና ገንዘብ ጠያቂው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ይነቃል። መንገድ ላይ የተገናኘ መንገደኛ ሳይቀር «በሕግ አምላክ» ተብሎ ከተጠራ ቆሞ መዳኘት ግዴታው ነበር፤ ተከራካሪዎቹም ቃላቸውን ለማጽናት ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ፣ እጃቸውን እየወረወሩ በቅኔ ይናገሩ ነበር። ይህን ሥርዓት ለዛሬው አነስተኛ ነጋዴ ማስላት ጠቃሚ ነው። ባለሱቁ ለዱቤ ደንበኛው ቁራኛ ቢሆን፣ ሱቁን ዘግቶ ከተበዳሪው ጋር መዋል ወይም ተበዳሪውን ሱቅ ማስገባት ይኖርበታል፤ ተበዳሪው ሱቅ ከገባ ቁርሱንና ምሳውን ከመደርደሪያው ይበላል፤ ዕዳው ይጨምራል፤ ዕዳው በጨመረ ቁጥር ቁራኝነቱ ይረዝማል። በሌላ በኩል ተበዳሪው ታማኝ ሰው ቢሆን ዕቃ ያቀብላል፣ በር ይጠብቃል፣ ምናልባትም ከአክስት ልጅ ይሻላል፤ የጽሑፍ ውል ስለሌለው ግን ከ15 ቀን በኋላ በሥራ ክርክር ችሎት የመቅረብ መብት ይኖረው እንደሆነ ሌላ ጥናት ይጠይቃል። ምሽት ላይ ሁለቱ የት ያድራሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ የባለሱቁ ባለቤት አስተያየት ሊደመጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለሳቅ የሚመች ቢሆንም ከዘመናዊው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ሳቁ ይቋረጣል። ዛሬ ተከሳሹ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ቁራኛ የሆነው ከሳሹ ነው፣ የታሰረውም ከመዝገቡ ጋር ነው። የ40 ሺህ ብር ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ የተካደ ነጋዴ በመጀመሪያ ለራፖር ጸሐፊ፣ ቀጥሎ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ መዝገብ ያስከፍታል፤ ከዚያ መጥሪያው ለተከሳሹ አልደረሰም ይባላል፤ ሲደርስ ተከሳሹ መልስ አላዘጋጀም ይባላል፤ መልስ ሲያቀርብ ምስክር አልቀረበም፣ ምስክር ሲቀርብ ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሱቁ ይዘጋል፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ምስክሩ የታክሲና የምሳ ይጠብቃል። ሕጉ ለነጋዴው ከሰጠው መብት ውስጥ አንዱም ስህተት የለበትም፤ ጉድለቱ መብቱን ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ ከመብቱ የሚበልጥ መሆኑ ነው፤ ይህንም ተከሳሹ ያውቃል፣ ስለሚያውቅም አይከፍልም። በ40 ሺህ ብር የሚተዳደርን ሰው ለሦስት ቃል ብይን ዓመት ማመላለስ ሥርዓት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው በካርቶን ክዳን ላይ የራሱን ሕግ ጽፎ ቢለጥፍ ማን ሊወቅሰው ይችላል?

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም ማንሣት ያስፈልጋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ስለሚዘጉ፣ የአዲስ ዓመትና የመስቀል ገበያ በሚደራበት ጊዜ ነጋዴው በቀጠሮ አይጉላላም፤ ይህ ታስቦ የተደረገ ባይሆንም ውለታ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ለተሸናፊ ርኅራኄ አለው፤ አንቀጽ 404 ፍርድ ሲፈጸም ሊያዙ የማይችሉትን ነገሮች ሲዘረዝር የባለዕዳውንና የቤተሰቡን ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ፣ የሚሠራበትን መሣሪያ፣ የሦስት ወር ቀለብ ያነሣል፤ ደመወዙ በቀን ከ2 ብር የማይበልጥ ሰው ደግሞ ደመወዙ ጨርሶ አይነካም። በቀን 2 ብር የሚያገኘውን ሠራተኛ ፈልጎ ይህን መብቱን ማብሰር የሚገባው አካል የትኛው እንደሆነ አልተገለጸም።

ነጋዴዎች ራሳቸው የተሻለ ያገኙት ሽምግልና ነው፤ ሽማግሌ እሑድ ስለሚቀመጥ ሱቅ አይዘጋም፣ ወጪውም ከቡና እምብዛም አያልፍም። ከእርሱም በፊት የሚመጣ መከላከያ አለ፤ በዕቃ መመለሻው ማስታወቂያ ሥር የሚለጠፈው «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕቃን ወይም የዋጋ ዝርዝርን ለሕዝብ ማሳየት እንደ ውል ሐሳብ ማቅረብ እንደማይቆጠር ቢናገርም፣ ቀኑ በየማለዳው የሚታደስ የዱቤ ተስፋ ከየትኛው እንደሚመደብ አልተናገረም። ማክሰኞ አንብቦ ረቡዕ የመጣው ደንበኛ ያንኑ ጽሑፍ ያገኛል፤ ተጣልቶም አይወጣም፣ ማስታወቂያው ለሌላ ሰው እንደተጻፈ ስለሚገባው፣ ስኳሩን ይዞ ይሄዳል። ዕዳውም ከባንኮኒው ሥር በሚቀመጠው ባለመስመር ደብተር ላይ ይሰፍራል። በዚያ ደብተር ላይ እንደ መታወቂያ የተጻፈ ስም አይገኝም፤ «ቀዩ»፣ «ባለቪትዟ»፣ «የጋራዡ»፣ «እማማ ጥግ» የሚሉ ናቸው፤ መጥሪያ የሚያደርስ ሰው ይዞት ቢወጣ የት እንደሚሄድ ግልጽ አይደለም። «የፎቁ ልጅ» የሚለው ስም ብቻውን ሦስት ገጽ ሞልቷል፤ ስሙ ሲወጣለት በሰፈሩ አንድ ፎቅ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ፎቁ በዝቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በዚሁ ስም እየወሰዱ እንደሆነ ባለሱቁ መጠርጠር ጀምሯል፤ እስካሁን ግን የጠየቀው የለም።