ውሻና ባሕረ ሐሳብ፦ በሰቃና በአካባቢዋ የውሻ ቀለብ አመራረጥ

የውሻ ቀለብ ማለት በዚህ ጥናት አጠቃቀም ሰው ለውሻው አስቦ የሚሰጠው፣ ሳያስብ የሚጥልለትና ውሻው ማንንም ሳያስፈቅድ የሚወስደው ምግብ ድምር ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያው በውጭ አገር መጻሕፍት በስፋት የተተነተነ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የአብዛኛውን ውሻ ሆድ የሚሞሉት እነርሱ ሆነው ሳለ እስካሁን ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኙም። ጥናቱ የተወሰነው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰቃ ሲሆን፣ ይህችም ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ከጎበኛት የሊሙ ኢናርያ መናገሻ፣ ከጥንቷ ሰቃ ጋር ልትምታታ አይገባም።

ውሻ በከረጢት የታሸገ የራሱ ምግብ ያስፈልገዋል የሚለው አስተሳሰብ ዕድሜው አጭር ነው። የመብረቅ መከላከያ ሊሸጥ ወደ ለንደን የተሻገረው አሜሪካዊው ጄምስ ስፕራት፣ በወደቡ የሚንከራተቱ ውሾች ከመርከብ የተጣለ ደረቅ ብስኩት ሲቆረጥሙ አይቶ፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኩት ለገበያ አቀረበ ይባላል። የዚህ ሁሉ ኢንዱስትሪ መነሻ ትርፍራፊ ሲበላ የተገኘ ውሻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱ በዝርያ፣ በክብደትና በዕድሜ እየተከፋፈለ፣ የቡችላው ለብቻ፣ የጎልማሳው ለብቻ፣ የአዛውንቱ ለብቻ ሆኖ እስከ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ደርሷል። በሰቃ ይህ አከፋፈል ሥር አልሰደደም፤ በዚያ ሽማግሌ ውሻ ከወጣቱ የሚለየው በሚበላው ምግብ ሳይሆን ምግቡ የተጣለበት ቦታ ለመድረስ በሚፈጅበት ጊዜ ነው።

በሰቃ የውሻን ቀለብ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ያውም ሁለት። የመጀመሪያው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የሚመሩበት፣ ሰባቱን አጽዋማት የያዘና በዓላቱም በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት የሚወጡለት ነው። በዚህ አቆጣጠር ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት፣ ከማዕዱ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ስለሚጠፋ ትርፍራፊውም የሽሮና የምስር ይሆናል። ውሻ ክርስትና እንዳልተነሣ ግልጽ ቢሆንም ሳይጠመቅ ይጾማል፤ ይህን ሁኔታ ‹የተጓዳኝ ጾም› ብሎ መሰየም ይቻላል። ሁለተኛው የአካባቢው አብዛኛው ሕዝብ የሚከተለው፣ በጨረቃ የሚቆጠረውና ከፀሐይ ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ገደማ የሚያጥረው የእስልምና አቆጣጠር ሲሆን፣ በረመዳን ምድጃው ቀን ቀዝቅዞ ሌሊት ይሞቃል።

የሁለቱ ጥምረት ለውሻ ያስገኘው ጥቅም በቀላሉ የሚገመት አይደለም። እንደሚታወቀው የሥጋ ቤት በር በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ይለያል፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ባለመስቀሉ ሲዘጋ ባለጨረቃው ክፍት ስለሆነ፣ የሰቃ ውሻ የጾሙን ወራት የሚያሳልፈው በሃይማኖት ለውጥ ሳይሆን በአድራሻ ለውጥ ነው። ይህ ዕድል ያልገጠማቸው እንስሳት ምን እንደሚደርስባቸው በትግራይ በጅቦች ላይ ተጠንቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚያ ጥናት፣ ተመራማሪዎች የጅብን ኩስ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር ሲለዩ፣ በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር ጨምሮ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቀንሶ አገኙት፤ ከሰው ማዕድ የሚጣለው አጥንት ሲቋረጥበት ጅቡ ወደ አህያ ዞሯል ማለት ነው። የሰቃ ውሻ ወደ አህያ አልዞረም፤ መንገድ ተሻግሯል እንጂ።

ሥርዓቱ ከተፈተነባቸው ዓመታት አንዱ 2017 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ ስለተከተለው፣ ቀን ቀን ከአንዱ ወገን ሽሮ ብቻ፣ ከሌላው ወገን ምንም የማይገኝበት ወቅት ተፈጠረ። ውሻ በእንዲህ ያለው ጊዜ መፍትሔ የሚያገኘው ከመግሪብ በኋላ፣ የኢፍጣር ሾርባና የሳምቡሳ ጠርዝ በሚጣልበት ሰዓት ሲሆን፣ ቀኑን ተኝቶ ማሳለፉ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። በሌላው ጫፍ የዒድ አል አድሐ በዓል አለ፦ የእርዱ ሥጋ በተለምዶ ለቤተሰብ፣ ለዘመድ ጎረቤትና ለድኻ በሦስት ይከፈላል፤ ውሻ ከሦስቱ በአንዱም ስሙ ባይጠራም፣ ሥጋው ሲከፋፈል አጥንቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚደነግግ ስለሌለ ክፍተቱን ይጠቀምበታል።

በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ውሻ ለጥበቃ እንጂ ለመዝናኛ አይያዝም፤ የሚያድረው ደጅ ነው፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር እንዲታጠብ ሐዲስ ስለሚያዝም መመገቢያው ለብቻው ይቀመጣል። የውጭ አገር የውሻ አያያዝ መጻሕፍት ለውሻ የግል ሳህን እንዲመደብለት የሚሰጡት ምክር በጅማ ገጠር በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ ዕውቀት፣ አስቀድሞ ያለቀ ጉዳይ መሆኑን አዘጋጆቹ ያወቁ አይመስልም።

ውሻ ሥጋ በል ስለሆነ እህል አይስማማውም የሚለው ክርክርም በሰቃ ሰሚ የለውም። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ውሻ ስታርችን፣ ማለትም የእህልን ኃይል ሰጪ ክፍል፣ የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያመነጨውን ጂን ከተኩላ እጅግ በበዛ ቅጂ እንደሚይዝ አረጋገጡ፤ ውሻ ከሰው ጋር የኖረው የሰውን እህል መፍጨት ስለተማረ ጭምር ነው ማለት ነው። የሰቃ እናቶች ወደዚሁ መደምደሚያ በበቆሎ ቂጣ ጠርዝና በገንፎ ድስት ፍቅፋቂ የደረሱ ሲሆን፣ ውጤቱን ግን አላሳተሙም።

የቡናው ጉዳይ ሰፊ ነው። በጎማ ወረዳ ጮጬ እንደሚተረከው፣ ቡናን ያገኘው ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ ያየው እረኛው ካልዲ ነው። እረኛ ያለ ውሻ ይወጣል ተብሎ አይታሰብም፤ ትረካው ግን ስለ ካልዲ ውሻ አንድም ቃል አይናገርም። ለዚህ ዝምታ ሁለት መላምቶች ይቀርባሉ። አንደኛው ውሻው ፍሬውን አሽትቶ ትቶታል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀምሶታል፣ ትረካው ዝም ያለውም ስለዚሁ ነው የሚል ነው። ሁለተኛውን ሳይንስ ይደግፈዋል፤ ካፌይን የውሻን ልብ ያፋጥናል፣ ዕረፍት ይነሣዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲበዛም ይገድለዋል። ስለዚህ በቡና አገር የተወለደው ውሻ ከቡናው የሚደርሰው ቁርሱ ብቻ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ከደጃፍ ያያል፤ በሁለተኛው ወይም በቶናው ከእንግዶቹ መካከል እጁ የሚፈታውን ይለያል፤ በበረካው ጨዋታው ደርቶ ዳቦው ሲረሳ የድርሻውን ያነሣል። ከጀበና የተደፋ አተላ ግን ዳቦ ከተፈተፈተበት ውሻ ሊልሰው ስለሚችል ራቅ ተደርጎ ይቀበር።

ቀለብ ደመወዝም ነው። በቡናና በበቆሎ ማሳ ከርከሮና ዝንጀሮ ሲመጣ የሚጮኸው ውሻ ነውና፣ ‹ውሻ በበላበት ይጮኻል› የሚለው አባባል የሥራ ውልን ባጭሩ ያስቀምጣል። ይሁንና አባባሉ በሁለት የቀን መቁጠሪያ የሚበላ ውሻን ያሰበ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ውሻ በሁለት ግቢ የመጮኽ ግዴታ ስላለበት፣ በሌሊት ከየትኛው እንደሚጀምር እስካሁን አልተወሰነም።

ሥርዓቱ እንከን አልባ አይደለም፤ ትልቁ እንከኑም ከጾሙ ይልቅ ፍስኩ ውሻን የሚጎዳው መሆኑ ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ ብዙ ሽንኩርት የሚበላ ሲሆን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ የሚሰጠው ሳንባ የባሰ ነው። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የኢኪኖኮከስ ትል እጭ መኖሪያ ሲሆን፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም በኩሱ ወጥቶ ከሰው እጅና ከጎመን ማሳ ይደርሳል፤ በሰውም ጉበት ያንኑ ከረጢት ያበጃል። በጅማ ማዘጋጃ ቤት ቄራ የተደረገ ምርመራ ይህን ከረጢት በታረዱ ከብቶች ላይ አግኝቶታል። አንባቢ የየትኛውንም ቀን መቁጠሪያ ቢከተል፣ ሳንባና ጉበት ለውሻው ከመስጠቱ በፊት በሚገባ ይቀቅል፤ ከረጢት ያየበትን ደግሞ ያቃጥል ወይም በጥልቅ ይቅበር፤ የውሻውንም የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቆ ይስጥ።