ሃይማኖቱ የላላው ማን ነው?

«ወሎዬ እኮ ሃይማኖቱ ላላ ያለ ነው፤ እስላምና ክርስቲያኑ የሚዋደደው ለዚያ ነው» ላልከው ወንድሜ፦

ሐይቅ ድረስ ና፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጀምሮ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬም ሴት አያስገባም። ዙሪያውን ካለው የተሁለደሬ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሶላቱን አያጓድልም፣ ጾሙን አይሽርም። ታዲያ ላላ ያልከው የቱን ነው? መነኩሴውን ወይስ ሼሁን?

«አጥብቀው ከያዙ እንዴት አይጣሉም?» ላልሽው እህቴ፦

ሰርግ ቤት ግቢ። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚቀርበውን በግ ራሱ አያርድም፤ ሙስሊም ጠርቶ «ቢስሚላህ» ብሎ እንዲያርድ ቢላውን ያስረክባል። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋም ለብቻ። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ነው። ማንም የሌላውን ሥጋ አልበላም፤ ሳይበላ የወጣም የለም። የጎረቤቱን ድንበር የሚያውቅ ሰው ድንበር አይገፋም።

«ያ ሁሉ ድሮ ቀረ» ላልከው፦

ቅሬ (እድራችን) ሲጠራ ቀርተህ ነው እንጂ አልቀረም። በብዙ ቀበሌ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ቅሬው አንድ ነው። ሰው ሲሞት መቃብር ቆፋሪው «የማን ወገን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዶማውን ይዞ ይወጣል። የቀረ ሰው ይወቀሳል፣ ይቀጣል። ፍቅራችን በአፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጣት ባላስፈለገው!

«ወሎ ከጥንት ጀምሮ ፍቅር ብቻ ነው» ለምትለንም፦

አታቆለጳጵሰን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር የሐይቅን ገዳም ሀብት ወስዷል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ። ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር አመፁ፣ ስንቱ አገር ጥሎ ተሰደደ። በሁለቱም ወገን ቁስል አለ። ያዋደደን ቁስል አለማወቃችን አይደለም፤ ቂሙን ለልጅ አናወርስም ብለው የቆረጡ አያቶች ስለነበሩን ነው።

«የማይመሳሰል ሕዝብ ተለያይቶ ቢኖር ይሻለዋል» ላልከው፦

ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1923 ግሪክና ቱርክ ሎዛን ላይ ተፈራርመው ሕዝብ ተለዋወጡ፤ መለኪያው ሃይማኖት ነበር። ከ1 ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክስ ወደ ግሪክ፣ 400 ሺህ ገደማ ሙስሊም ወደ ቱርክ ሄደ። ግሪክኛ ተናጋሪው የቀርጤስ ሙስሊም ቱርክ፣ ቱርክኛ ተናጋሪው የአናቶሊያ ክርስቲያን ግሪክ ተላከ። ሰው ተለዋወጡ፤ ጠቡ ግን ሁለቱም ቤት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቱርክን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ግሪኮች ለነፍስ አድን ደረሱላት፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ አቴንስ ስትናወጥ ቱርኮች ብድሩን መለሱ። ከፍርስራሽ ሥር ሰው የሚያወጣ እጅ ሃይማኖት አይጠይቅም። እስቲ በሎዛኑ መለኪያ አምባሰልን ክፈልልኝ! አያቱ ይመር፣ አባቱ ገብሬ የሆነውን ልጅ የት ትልከዋለህ? ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የሆነውን አምባሰልንስ ለየትኛው ወገን ትሰጠዋለህ?

«እኛ አብረን ያደግን ነን፤ ማንም አይለያየንም» ለምትሉ የሐይቅና የውጫሌ ልጆች፦

እንዳፋችሁ ያርገው፤ ግን አትዘናጉ። ጎንደርም አብሮ ያደገ ልጅ ነበር። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. እዚያ በቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ቀናት ሳይቆይ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደርና ወራቤ ስንት ቀን ያስኬዳሉ? ወሬው ግን በስልክ በአንድ ጀምበር ደረሰ። አያቶቻችሁ ያቆዩላችሁ ቅሬ ነው፤ እናንተ ግን ቅሬውን ለሽማግሌ ትታችሁ ስልኩን ይዛችኋል። ስለዚህ አንተ ሙስሊሙ፣ መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚተመውን ተሳላሚ በደጅህ ሲያልፍ ውኃ አቅርብለት። አንተ ክርስቲያኑ፣ መውሊድ ሲደርስ ጓደኛህ ቤት ቁጭ ብለህ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ። ያልገባህን ጠይቀው፤ ሲጠይቅህም ሳትቆጣ መልስለት።

«ታዲያ መቀላለድም ቀረ?» ላላችሁ፦

ማን ከለከላችሁ? ወሎዬ እርስ በርሱ ይተራረባል፤ በጾሙም በሶላቱም። ግን ተረብ ፊት ለፊት ነው፤ የተተረበው እዚያው መልሶ ይተርብሃል፣ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። ጓደኛህ አጠገብህ ተቀምጦ ልትለው የማትደፍረውን፣ ዞር ሲል አትጻፍበት።