ጥፋቱ የውሃው ነው

ፀጉሬ መሳሳት ሲጀምር መጀመሪያ የከሰስኩት ውሃውን ነው። ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ስለነበር ተከሳሽ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ጨው አለው፣ ክሎሪን በዝቶበታል፣ ታንከሩ ታጥቦ አያውቅም አልኩ። ከቤሩት የተመለሰችው ጎረቤቴም «እኔንም እዚያ የጨረሰኝ ውሃው ነው» ስትል ክሱ ድንበር ተሻገረ። በዚያው ውሃ የምትታጠበው ልጄ ፀጉሯ ወገቧ ላይ መድረሱን ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ቀጥሎ ሻምፖው ተከሰሰ። ከዚያ ደግሞ ሠርግ ላይ «ውይ፣ ምን ዓይነት ፀጉር ነው!» ብላ እጇን የሰደደችብኝ ሴትዮ። በዓይኗ ላይ የነበረኝ ማስረጃ በውሃው ላይ ከነበረኝም ያነሰ ነው፤ ፍርዱ ግን እስካሁን አልተሻረም።

ይህ ሁሉ ክስ ሹሩባዬን ለማዳን ነበር። እኔ ሹሩባ ስሠራ «ጠበቅ አድርጊው» ባይ ነኝ። ሠሪዋ «አላመመሽም?» ስትለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ «ኧረ ምንም!» እላለሁ። ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ ለቀናት የሆነ ነገር እንደገረማት ሴት ሆኜ እውላለሁ። ማታ ጭንቅላቴን የማሳርፍበት ጎን አጣለሁ፣ ግንባሬ ዳር ነጫጭ ሽፍታ ይወጣል፣ ፓራሲታሞል እውጣለሁ። ለቁንጅና ብሎ ማስታገሻ የሚውጥ ሰው አንድ ነገር መጠርጠር ነበረበት። እኔ ግን «እጇ እንዴት ጥሩ ነው!» እያልኩ ጉርሻ እጨምርላት ነበር። ሹሩባው ሲፈታ ደግሞ ሂዩማን ሄር ይሰፋበታል፤ ክብደቱ ያንኑ ሥር ይጎትታል። ሕመሙና ሽፍታው ሥሩ እየተነቀለ መሆኑን ሲነግሩኝ ኖረዋል። ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። በጊዜ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል።

ምስጋናም ቢሆን የምልከው በተሳሳተ አድራሻ ነው። ልጄን ወልጄ ጥቂት ወራት እንዳለፈ ፀጉሬ በእፍኝ ይወርድ ጀመር። እናቴ «የአራስ ፀጉር ነው፣ ይመለሳል» ብላ ቡናዋን ማፍላቷን ቀጠለች። ለጭንቀቴ የሚመጥን መልስ አልመሰለኝም። ቀይ ሽንኩርት ፈጭቼ፣ ጨምቄ ቀባሁ። ባለቤቴ በር ከፍቶ ሲገባ ወጥ የደረሰ እየመሰለው ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ይሄድ ነበር። ከወራት በኋላ ፀጉሬ ተመለሰ፤ ሽንኩርቱም ተሾመ።

የሆነው ነገር ሌላ ነው። ጭንቅላታችን ላይ ካለው ወደ 100,000 ከሚጠጋ ፀጉር አብዛኛው በማደግ ላይ ነው፤ ጥቂቱ ያርፋል፣ አርፎም ይረግፋል። በቀን ከ50 እስከ 100 ቢወርድ ጤና ነው። በእርግዝና ጊዜ ማረፍ የነበረበት ፀጉር ሳያርፍ ይቆይና ከወሊድ በኋላ በአንድ ላይ ያርፋል፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ቆይቶም በአንድ ላይ ይረግፋል። ታይፎይድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ በጥድፊያ መክሳትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሥሩ ስላልተጎዳ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። በዚያ መሐል የተቀባ ነገር ሁሉ፣ ጥቁር አዝሙድም ይሁን አብሽ፣ ባልሠራው ሥራ ይሸለማል። እናቴ ልክ ነበረች። ይህን እስካሁን አልነገርኳትም።

ይልቅ መድኃኒት አዋቂ ሆንኩ። ታይፎይድ ለያዛት የሥራ ባልደረባዬ ሽንኩርት አዘዝኩላት፤ ፀጉሯ ተመለሰ፣ ስሜም ገነነ። ሌላዋ ደግሞ ፀጉሯ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ሆኖ የሚላጥባት ነበረች። ያ የሰውነት መከላከያ ራሱ በፀጉር ሥር ላይ የሚዘምትበት ሕመም ስለሆነ የሐኪም ጉዳይ ነው። ሽንኩርቱ ቆዳዋን አቃጠላት እንጂ ምንም አልፈየደም። እኔም ሳላፍር «የፈረንጅ ሽንኩርት ገዝተሽ ይሆናል፤ የሐበሻ ነበር እኮ!» አልኳት።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት መሐል አናቴ ላይ ያለው መስመር ሲሰፋ ነው። ዶክተሯ በማጉያ መነጽር አየችና «ግንባርዎ አካባቢ አጥብቀው ይሠሩታል?» አለችኝ። «ኧረ እኔ!» አልኳት፤ የሹሩባው መስመር ቆዳዬ ላይ ታትሞ እያለ። ሁለት ነገር እንዳለብኝ ነገረችኝ። ዳር ዳሩ የመጎተት ነው፤ የሥሩ ቀዳዳ የሚታይበት ቦታ ተስፋ አለው፣ ለስልሶ የሚያብረቀርቀው ግን አብቅቶለታል። አናቱ ደግሞ የዘር ነው፤ ሥሩ እያነሰ፣ ፀጉሩም እየቀጠነ ይሄዳል። ሴት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወንድ ከፊት ሸሽቶ አይመለጥባትም፣ መሐሉ እየሳሳ ይሰፋል እንጂ። «ከእናትም ከአባትም ሊመጣ ይችላል» ስትለኝ ልቤ ቀለል አለው፤ አዲስ ተከሳሽ አገኘሁ። በአባቴ በኩል ያሉት አክስቶቼ ሻሻቸውን ለምን እንደማያወልቁ ያን ቀን ገባኝ።

የብረት ክምችቴንና ታይሮይዴን በደም እንድመረመር አዘዘች። የምወስደው ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ የለም አልኩ። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ባዮቲን የተባለ ቪታሚን ከረሜላ ነው ብዬ ነው መሰለኝ አልቆጠርኩትም። የታይሮይድ ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆኖ ሲመጣ ዶክተሯ ደግማ ጠየቀችኝና አወጣሁ። ለካ ባዮቲን በብዛት ከተወሰደ የአንዳንድ ላቦራቶሪ ምርመራዎችን ውጤት ያዛባል፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆበታል። ጤነኛው ታይሮይዴ በእኔ ምክንያት ተጠርጥሮ ነበር። ባዮቲኑን አቁሜ ምርመራው ሲደገም ነጻ ወጣ፤ ብረቴ ግን በእርግጥ አንሷል።

ከብረት ክኒኑ ጋር ሚኖክሲዲል ታዘዘልኝ። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የዋጡት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ የሚቀባ ተደረገና አሜሪካ ውስጥ በ1988 ለወንዶች፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሴቶች ተፈቀደ። ዶክተሯ እርጉዝ ሴት አትቀባውም፣ ፊት ላይ ከፈሰሰ እዚያም ያበቅላል፣ ለውጥ ለማየት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ካቆሙት ያገኙት ይጠፋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ እርግፋቱ ሊብስ ይችላል አለችኝ። በጥሞና አዳመጥኩ። እርግፋቱ ሲብስ ግን «መድኃኒቱ ጨረሰኝ!» ብዬ ጠርሙሱን መታጠቢያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ፋርማሲው የነበረው የወንዶቹ ስለሆነ ሣጥኑ ላይ የወንድ ሥዕል አለ። ከፊቱ የተመለጠው ባለቤቴ አገኘውና «ለእኔ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሮ። «ታዲያ ለማን?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም ተደብቄ ወደ መቀባቱ ተመልሻለሁ፤ ጠርሙሱ ቶሎ ሲያልቅ እሱ በራሱ ትጋት ይኮራል። ቀን አይስት፣ ሰዓት አያዛንፍ፣ ከእኔ በብዙ ይሻላል። አናቱ ላይ ለስላሳ ነገር ብቅ ብሏል። ለጓደኞቹ «ሚስቴ ናት» ይላል።

ሰሞኑን አንደኛው ደውሎ ምን እንደቀባሁለት ጠየቀኝ። ሚስቱ ነገር አዋቂ ናት፤ የመድኃኒቱን ስም ብነግረው በማግሥቱ የእኔን አናት ልትመረምር ትመጣለች። ሽንኩርት ነው አልኩት። የሐበሻ።