ሰኔን ጠብቀው ያሠልጥኑ

ካዛንቺስ ወይም ሌላ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሠፈር ውስጥ አንድ ዳይሬክቶሬት የሚመሩ ከሆነ፣ ከበላይ አካል የተላከ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ አርፎ ይሆናል። ጉዳዩ፦ «የሠራተኛውን ደኅንነት የሚያረጋግጥ የመማማር ባህል ስለመገንባት» ይላል። ከሥሩ «በአስቸኳይ ተፈጻሚ እንዲሆን» የሚል ካዩበት አይደንግጡ፤ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀንና እርስዎ ጋ የደረሰበትን ቀን ያስተያዩና ይረጋጉ። የሚከተለው ምክር እንደ እርስዎ ላለ ቅን ኃላፊ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት ወሩን ይምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌ ግን የዕቅድ ወር ነው፣ ነሐሴ ዝናብ ነው፣ መስከረም በዓል ነው፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ደግሞ «በጀት አልተለቀቀም» ይባላል። ይታገሡ። ግንቦት ሲገባደድ የፋይናንስ ኃላፊው ራሱ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ የሥልጠናው ገንዘብ እስከ ሰኔ 30 ካላለቀ ተመላሽ እንደሚሆን ያረዳዎታል። መሥሪያ ቤቱን የዕውቀት ጥማት የሚይዘው ያን ዕለት ነው። ርዕሱን ከገንዘቡ በኋላ ይፈልጉለት፤ «የለውጥ አመራር» ካሉት ማንም ምንም አይጠይቅዎትም።

ቀጥሎ ቦታው። አዳማ ይሁን፤ ካልሆነ ቢሾፍቱ። አንዳንድ የዋህ «አዳራሽ እዚሁ ሞልቶ የለ?» ይልዎታል። እውነቱን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደጃችን ላይ ነው፤ አፍሪካ አዳራሽም ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ይዞ ቆሟል። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የሆነውን ያስታውሱ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱበት ጉባኤ የፈጀው አራት ቀን ነው። የእርስዎ ባለሙያዎች የደብዳቤ አጻጻፍ ለመማር አምስት ቀን ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለ የችኮላ ታሪክ ካለበት ሠፈር መራቅ ይበጃል።

ደግሞም አዳማ አበል አለው። ስለ ሠራተኛ ደኅንነት የምናወራ ሁሉ እዚህ ላይ ድምፃችንን ዝቅ ብናደርግ ደግ ነው፤ ደመወዙ ወር አልደርስ ላለው ባለሙያ የአምስት ቀን አበል የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ ነው። አንዱን አልጋ ክፍል ለሁለት ይዞ፣ እራቱን በሻይና በዳቦ አሳልፎ የሚቆጥባትን ብር ያውቋታል። እንቅልፍ የምትሰጠው እሷ እንጂ የአሠልጣኙ ፓወር ፖይንት አይደለም። ስለዚህ ስም ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያዘጋጁ። ዓምና የሄደው ዘንድሮም ይሂድ፤ ልምድ አለው። ሾፌሩ ይሄዳል፣ ግን መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ጽዳትና ተላላኪዎች አይሄዱም፤ የሚማሩት ነገር እንዳለ እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ሲመለሱ ግምገማ አለ። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ሥልጠናን በአራት ደረጃ መመዘን አለብን ብሎ ነበር፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ተለወጠ ወይ፣ መሥሪያ ቤቱ ውጤት አገኘ ወይ። እርስዎ አንደኛው ላይ ይቁሙ። ቅጹ ላይ ስለ ምሳው አንድ ጥያቄ ይጨምሩበት፤ በጎ አስተያየት አይጠፋም። ሁለተኛውን ከነኩ ሦስተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው የተማረውን የሚሞክርበት ጊዜ ይጠይቃል። አምስት ቀን ቢሮ ያልገባ ሰው የአምስት ቀን መዝገብ ተከምሮ ይጠብቀዋል እንጂ ጊዜ ከየት ይመጣለታል?

የጃፓኖቹን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ፣ ካይዘንንም አይርሱ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት ዘዴው በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ ነበር። አምስቱን ማዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅን፣ በቀለም አሳትመው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ። ጃፓኖቹ ዘንድ የነገሩ ልብ ሌላ ቦታ ነው፤ ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ተራው ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል፣ አለቃው ሮጦ ይደርስለታል፣ ካስፈለገም ምርቱ ይቆማል። ይህችን ክፍል ወደ ቢሮዎ እንዳያስገቧት አደራ። ሰሌዳው ይበቃል። ከጎኑ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ይሰቀል፤ ቁልፉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረው ሰው ጋር ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ፤ ስህተቱን በአፉ የሚናገር ሠራተኛ። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ግራ ተጋባች። በደንብ ተግባብተው የሚሠሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት የተመዘገበባቸው ሆነው አገኘቻቸው። በኋላ እንደተረዳችው፣ ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስለማይደብቁ ነው። አለቃቸውን አይፈሩም፤ የተሳሳቱትን ያወሩታል፣ ሲያወሩት ይማሩበታል።

እኛ ግን ግምገማን አሳምረን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ በዚህ አንታማም። አንድ ወጣት ባለሙያ ማክሰኞ ጠዋት በርዎን አንኳኩቶ «ትናንት የላክሁት ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ አዛብቻለሁ፣ ሳይሰራጭ ላስተካክለው» ቢልዎ፣ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ጥቂት ዝም ይበሉ። ሰዓትዎን ይመልከቱ። ከዚያ «በጽሑፍ አቅርበው» ይበሉት። ወረቀቱ ሲመጣ መርተው የግል ማኅደሩ ውስጥ እንዲያያዝ ያድርጉ። ወሬው ከምሳ በፊት ሁለት ፎቅ ይወርዳል። ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍልዎ ውስጥ የሚሳሳት ሰው አይኖርም፤ ያ ዓምድ ብቻ ከሩብ ዓመት ሪፖርት ወደ ግማሽ ዓመት፣ ከግማሽ ዓመት ወደ ዓመታዊው እየተቀዳ በሰላም ይኖራል። ወጣቱም ጨጓራውን ይታከማል።

በነገራችን ላይ ፈተናም ያስተምራል ይባላል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና አመራሮቹን የብቃት ምዘና ባስፈተነ ጊዜ ብዙዎች ማለፊያ ነጥብ አላመጡም። ያን ሰሞን እውነትም ሰው ያነብ ነበር፤ እንቅልፍ አጥቶ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠና መርሐ ግብር ሲጀመርም ዕድሉ ሊያመልጥዎት አይገባም ነበር፤ የእርስዎ ድርሻ የሰርተፍኬት ቁጥር መሰብሰብ ነው። በመዝገብ ቤት ባልደረባዎ ስም የወጣውን ሰርተፍኬት የወሰደላት የጎረቤቷ ልጅ መሆኑን ማጣራት የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ልጁ ተምሮበታል፣ አገር ተጠቅሟል።

ደኅንነቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ መዛልን ሲተረጉም፣ ምክንያቱ በወጉ ያልተያዘና የከረመ የሥራ ቦታ ጭንቀት ነው ብሏል። አያያዙ ደግሞ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ይህ ለእርስዎ አይመችም። ሠራተኛውን ማከም ይቀላል። ማስ ስፖርት ያውጁ፤ እሑድ ጠዋት 12፡30፣ መስቀል አደባባይ። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ የሚመጣው በ11 ሰዓት ይነሣል፤ ሳምንቱን ሙሉ ለሰርቪስ የሚነሣበት ሰዓት ስለሆነ ሰውነቱ ለምዶታል። አቴንዳንስ ይያዝ፤ ያልመጣ ሰው ጤናው አጠያያቂ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደረው የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱም በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ተወስኗል። እነዚህ ቁጥሮች ቢሮ ውስጥ ላለ ሰው የተጻፉ እንጂ ለቴሌግራም ግሩፕ አይደሉም ብለው ያስቡ። ማታ 4 ሰዓት ላይ «ሰላም ቤተሰብ፣ ለነገ ጠዋት የሚደርስ» ብለው ሲጽፉ ቤተሰብ ማለትዎን አይርሱ፤ ቅርርብ ይፈጥራል።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ሳሉ ልፋትዎን ሊያበላሽ የሚችል አንድ ነገር አለ። ቡናው ነው። ካዛንቺስን ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ብሎ ነው፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ አብዛኛውን ነባር ሠፈር አንሥቶታል። የሽሮ ቤቶቹ፣ የላስቲክ ሸራ የወጠሩት ጀበና ቡናዎች አብረው ሄደዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ማታ ያበራል፤ ምሳ ግን አሁን ከቤት በምሳ ዕቃ ይመጣል። ዳሩ አንዷ ባለ ጀበና ከሕንፃዎ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ተመልሳ ብቅ ማለቷ አይቀርም። አንድ ቀን ጠዋት በ4 ሰዓት ወርደው ይመልከቱ።

አምስት ስድስት በርጩማ አለ። የመዝገብ ቤቷ አንጋፋ እትዬ፣ ጡረታ የቀረባቸው፣ ስኒያቸውን በመሐረብ ይዘው አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ ደብዳቤ እያነበቡላት ነው። «ይሄ አያልፍም ልጄ» ይሏታል። «ቁጥሩን የት ጣልሽው? ደግሞ ግልባጩን ለሂሳብ ካላደረግሽ ደብዳቤሽ ሦስት ሳምንት ይተኛልሻል፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ ይቺው ናት ያስለቀሰችኝ።» ልጅቷ ትስቃለች፣ እዚያው ጉልበቷ ላይ ታርመዋለች። ከወዲያ ያለው የግዢ ባለሙያ ቤቱ ፈርሶ ዳር የወጣ ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ 2 ሰዓት ተኩል መድረስ አቅቶታል። ሁለቱ ባልደረቦቹ ጠዋት ጠዋት ማን እንደሚሸፍንለት ተነጋግረው ጨርሰዋል። ለእርስዎ አልነገሩዎትም፤ ቢነግሩዎ በጽሑፍ አቅርቡ እንደሚሏቸው ያውቃሉ። አበል የለ፣ ባነር የለ፣ የተሳታፊ ፊርማ የለ። ሰው እየተማረ ነው፣ ፊቱም በርቷል፣ መሥሪያ ቤቱ ግን ሪፖርት የሚያደርገው ነገር የለውም።

መከልከል አያዋጣም፤ ከከለከሉት ሁለት ሕንፃ አልፎ ይተከላል። ይልቅ እውቅና ይስጡት። «የቡና ላይ የመማማርና የደኅንነት ፎረም» ብለው በሰርኩላር ያስተዋውቁት፤ ሰዓቱን ከ4፡00 እስከ 4፡15 ይወስኑት፤ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይሰይሙ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ እትዬ በየሳምንቱ የሚያስተምሩትን ርዕስ በዕቅድ መልክ አስቀድመው ያስገቡ። መክፈቻው ላይ እርስዎ ተገኝተው ሃያ ደቂቃ ይናገሩ። በሦስተኛው ሳምንት በርጩማው ላይ ከጸሐፊው በቀር ሰው አያገኙም። ለቀሩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ግልባጩን ለሂሳብ ማድረግዎን ግን እንዳይረሱ፣ አለዚያ ይተኛል።