የአውራ ጣት መልሶ ግንባታ እና የሕዋሳት ስንብት አዋጅ

ስማ! ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከቆዳ ሥር የሰፈርህ፣ በመቅኔ የተሸሸግህ፣ በደም የምትመላለስ፣ በጉበት የተደላደልህ፣ ስማ!

አዋጅ ቁጥር 46
ካራ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ

መግቢያ

እናታችን፣ የካራ ነዋሪ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የግቢዋን አጥር በአጣጥ ስታጠብቅ እሾሁ የቀኝ አውራ ጣቷን ሰንጥቆ ያለፈ በመሆኑ፤

በተሰነጠቀው ስፍራ የነበሩ ሕዋሳት አልቀው ክፍት መሬት የተፈጠረ በመሆኑ፤ ክፍት መሬት በታየበት ሁሉ ደግሞ ሌሊት ቤት ሠርቶ የሚያድር እንደማይጠፋ ካራ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው በመሆኑ፤

ግንባታ ማስጀመር ቀላል፣ ማስቆም ግን ከባድ ሆኖ በመገኘቱ፤

ጣቱ ራሱ ጣት ሊሆን የበቃው፣ እናታችን በማኅፀን ሳለች ያልተከፈለ ድፍን በነበረው እጇ ላይ፣ በጣቶቿ መካከል የነበሩ ሕዋሳት ጊዜያቸው ሲደርስ በሰላም ስለተሰናበቱ መሆኑን በማስታወስ፤

የሕዋሳት ምክር ቤት በአስቸኳይ ስብሰባው የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአውራ ጣት አዋጅ ቁጥር 46» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የክሮሞዞሞቻችን ቁጥር ነው። 45 ወይም 47 ብሎ የሚጠቅስ ሕዋስ በአንቀጽ 5 መሠረት ይያዛል።

አንቀጽ 2፦ የተፈጻሚነት ወሰን

1. አዋጁ ኑክለስ ባለው ሕዋስ ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ቀይ የደም ሕዋሳት ኑክለሳቸውን አስረክበው ሥራ ስለጀመሩ መከፈል አይችሉም፤ 120 ቀን ገደማ አገልግለው ይሰናበታሉ።

2. የነርቭ ሕዋሳት «ከእኛ መከፈል አይጠበቅም» ሲሉ ያቀረቡት አቤቱታ ተቀባይነት አግኝቷል። የጉበት ሕዋሳት ግን ሥራ ፈት ቢመስሉም በተጠንቀቅ ላይ ናቸው፤ ከጉበቱ የተወሰነው ተቆርጦ ቢወጣ ወደ ግንባታ ይመለሳሉ።

3. ሕጉ ዛሬ የወጣ አይደለም፤ በጠላ ጋን ውስጥም ይሠራል። ሊላንድ ሃርትዌል በዳቦ እርሾ፣ ፖል ነርስ ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ የእህል ጠላ በተገኘች ሌላ እርሾ ላይ አጥንተው የክፍፍሉን አዛዥ ዘረመሎች ለይተዋል። በ1987 እ.ኤ.አ. የነርስ ቡድን የራሷ ዘረመል የተበላሸባትን እርሾ የሰው ዘረመል ቢያውሳት ያለ ቅሬታ መከፈል ቀጠለች። ስለዚህ ጠማቂም ሆነ ጠጪ፣ እርሾም ሆነ ሰው፣ «አዋጁ እኔን አይመለከትም» ማለት አይችልም።

አንቀጽ 3፦ ስለ ግንባታ ፈቃድ

1. ማንኛውም ሕዋስ ከውጭ የእድገት መልእክት ሳይደርሰው ግንባታ መጀመር አይችልም። ለአሁኑ ቁስል መልእክቱን የሚበትኑት ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ናቸው። መልእክቱ ሲቋረጥ ፈቃዱ ይቋረጣል።

2. ፈጥኖ የሚከፈል ሕዋስ ለአንድ ዙር 24 ሰዓት ያህል ይፈቀድለታል፦ ለዝግጅት 11፣ ዲኤንኤውን ለመቅዳት 8፣ የተቀዳውን ለመመርመር 4፣ ለመከፈል 1 ሰዓት። ለምርቃት ሥነ ሥርዓት የተያዘ ሰዓት የለም።

3. የሚቀዳው ጽሑፍ 6 ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ማለት አያስኬድም።

4. ከቁስሉ ግራና ቀኝ የተነሡ የቆዳ ሕዋሳት መሐል ላይ ሲገናኙ ባሉበት ይቆማሉ። ጎረቤቱን የነካ ሕዋስ ድንበሩን አግኝቷል። ወሰን መግፋት፣ «ለልጆቼ ትንሽ ልጨምር» ማለት፣ በጎረቤት ላይ ፎቅ መሥራት ክልክል ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሹማምንት የሥልጣን ዘመን

1. ኪናዝ የተባለው ቋሚ ሠራተኛ ዘወትር በቢሮው ይገኛል፤ ሳይክሊን የተባለው ሹም ካልመጣ ግን ማኅተም አይመታም።

2. ሳይክሊን ቀስ በቀስ ይከማቻል፣ ሥልጣኑ ይጠነክራል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ከዚያም ይፈርሳል። ይህን ቲም ሀንት በ1982 እ.ኤ.አ. በባሕር ጃርት እንቁላል ውስጥ አይቷል፤ ፕሮቲኑ በእያንዳንዱ ክፍፍል ብቅ ብሎ ይጠፋ ነበር። ሀንት፣ ነርስና ሃርትዌል በ2001 እ.ኤ.አ. ኖቤልን የተጋሩት በዚህና በመሰል ግኝታቸው ነው።

3. የሥልጣን ዘመኑ ያለቀ ሳይክሊን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አይዛወርም፤ አማካሪ ሆኖ አይሾምም፤ በቦርድ አባልነት አይቀጥልም። ከሳይክሊኖች አንዱ የሆነው ሳይክሊን ቢ «እኔ ከሄድኩ ሥራው ይቆማል» ብሎ አልፈርስም ቢል፣ ሥራው የሚቆመው እርሱ ባለመሄዱ ነው፤ ሕዋሱ ከክፍፍሉ መውጣት ያቅተዋል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ኬላዎች

1. ካራ የከተማ መውጫ ናትና ኬላ ምን እንደሆነ ለነዋሪዋ አይብራራም። የሕዋሱ ዋና ኬላዎች ሦስት ናቸው፦ ቅጂው ከመጀመሩ በፊት፣ ክፍፍሉ ከመጀመሩ በፊት፣ ክሮሞዞሞቹ ከመለያየታቸው በፊት።

2. በሦስተኛው ኬላ እያንዳንዱ የተቀዳ ክሮሞዞም በሁለት አቅጣጫ በፕሮቲን ክሮች መታሰሩ ይረጋገጣል። አንዱ እንኳ ሳይታሰር ከቀረ የቀሩት 45ቱ ይጠብቁታል። «የእኛ ሰው ነው፣ አሳልፉት» የሚል ስልክ አይሠራም።

3. በ1979 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፒ53 የተባለ ፕሮቲን የኬላዎቹ ዋና መርማሪ ነው። ካራ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ፀሐይዋ ቀዝቃዛ ብትመስልም ጨረሯ ብርቱ ነው፤ በቆዳ ሕዋስ ውስጥ የዲኤንኤ ፊደላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ፒ53 መጀመሪያ ያስቆማል፤ ቀጥሎ ያስጠግናል፤ የማይጠገን ከሆነ ስንብቱን ያዝዛል።

4. በግማሽ ያህሉ የሰው ካንሰር ውስጥ ተበላሽቶ የሚገኘው ይኸው መርማሪ ነው። ዝሆን የመርማሪውን ዘረመል 20 ያህል ቅጂ ይዞ ይዞራል፤ እኛ ያለን አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ እናታችን ባርኔጣዋን ወይም ነጠላዋን እንዳትረሳ ትመከራለች።

አንቀጽ 6፦ ስለ ስንብት

1. ስንብት የታዘዘበት ሕዋስ ዘንድ አፍራሽ ግብረ ኃይል አይላክም፤ ዶዘር አይመጣም። ሕዋሱ ራሱን ያፈርሳል።

2. አፈራረሱ በሥርዓት ነው። ማይቶኮንድሪያ ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ፕሮቲን ይለቅቃሉ፤ ካስፔዝ የተባሉት ቆራጮች ይነቃሉ፤ ምሰሶው ይቆረጣል፣ ዲኤንኤው ይከታተፋል፣ ሕዋሱ ይኮማተራል። ከዚያ በውስጠኛው ግድግዳ የነበረውን ቅባት ወደ ውጭ ገልብጦ ያሳያል፤ በሚፈርስ ቤት ላይ የሚቀባው ቀይ ምልክት ይህ ነው፤ ቀቢው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። ማክሮፌጅ ምልክቱን አይቶ ፍርስራሹን ጠቅልሎ ይውጣል። አቧራ አይነሳም፤ ጎረቤት አይቆጣም።

3. ከጣቱ በቅድሚያ የሚሰናበቱት ጀርም ለመዋጋት የዘመቱት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ቁስሉን ጎትተው ያጠበቡት ሕዋሳት ደግሞ ሥራቸው ሲያልቅ ይከተላሉ። «እኛ የሠራነው ነውና እኛው እንኑርበት» ካሉ ጠባሳው አብጦና ጠጥሮ ይቀራል።

4. ማንም ሕዋስ ስንብትን እንደ ውርደት አይቁጠር። ሲኖርሃብዲቲስ የተባለችው ኢምንት ትል በእድገቷ 1,090 ሕዋሳት ሠርታ 131ዱን ታሰናብታለች፤ የሚሰናበቱትም ቀድሞ የተወሰኑ ናቸው። ይህን የተከታተሉት ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሰልስተን በ2002 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። በሰው ገላ ውስጥ በየቀኑ 330 ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት በአዲስ ይተካሉ፤ አብዛኞቹ የደም ናቸው። ይህ ሁሉ ሹም ሽር ሲካሄድ እናታችን ቡና ታፈላለች።

አንቀጽ 7፦ ስለ ጨረቃ ቤት

1. «ጨረቃ ቤት» ማለት የእድገት መልእክቱን ራሱ አስመስሎ የሚጽፍ፣ የማቆሚያ ትእዛዝ የማይሰማ፣ የስንብት ደብዳቤ የማይቀበል፣ የደም ሥር ከጎረቤት ጠልፎ የሚያስገባ፣ ሲጠነክርም ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተሻግሮ ቅርንጫፍ የሚከፍት ሕዋስ ነው። የሐኪም ቤት ስሙ ካንሰር ነው።

2. ጨረቃ ቤት በአንድ ስህተት አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ውስጥ የተጠራቀሙ በርካታ የዘረመል ጉዳቶች ይፈልጋል። ስለዚህ የማይድን ቁስል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት ሲታይ «ይተወኛል» ብሎ መቆየት ለሠሪው ጊዜ መስጠት ነው፤ እናታችን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ታማክር።

3. ይህ አንቀጽ መጠጊያ አጥቶ ጎጆ የቀለሰን ሰው አይመለከትም። ሰው ቤት የሚሠራው ሊኖር ነው፤ ካንሰር ግን የሚኖርበትን ቤት ያፈርሳል። ድኻን ካንሰር ብሎ የተሳደበ ሹም ይህን አዋጅ አልተረዳም፤ አንቀጽ 4ን በድጋሚ ያንብብ።

አንቀጽ 8፦ ስለ አጣጥ

1. አጣጥ አካል በማጉደል ተከስሶ ጉዳዩ ሲመረመር የዘመዶቹ ታሪክ ተገኝቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካውያን የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ ተክል ሲሰበስቡ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ወሰዱ። በ1972 እ.ኤ.አ. ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቹ ከእርሱ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አሳወቁ።

2. ሜይታንሲን በአንቀጽ 5 የተጠቀሱት የፕሮቲን ክሮች እንዳይፈተሉ ያደርጋል። ክር ከሌለ ክሮሞዞም አይታሰርም፤ ካልታሰረ ሦስተኛው ኬላ አይከፈትም፤ ኬላው ላይ የተገተረው ሕዋስ በመጨረሻ ይሞታል።

3. ነገር ግን ሜይታንሲን ካርታ ያለውንና የሌለውን አይለይም። በሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ከጥቅሙ በዝቶ ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ኸር 2 የተባለው ምልክት የበዛባቸውን የካንሰር ሕዋሳት ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር የንጥረ ነገሩን ዝርያ አጣበቁት። አድራሻ የተጻፈለት ይህ መድኃኒት በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ሕክምና ጸደቀ።

4. ስለሆነም አጣጥ በዘመዶቹ ውለታ በነጻ ተሰናብቷል። ይህ ማለት ግን ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂትና ያልተመጠነ፣ መርዝነቱም ለሁሉም ነው።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

1. አዋጁ እሾሁ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

2. ቁስሉ እንደተዘጋ አዋጁ ያለ ተጨማሪ ማስታወቂያ ይሻራል፤ አስፈጻሚዎቹም አብረው ይሰናበታሉ። ይራዘምልን የሚል ሕዋስ ማመልከቻውን በአካል ቀርቦ ለፒ53 ያስገባ።

ግልባጭ፦
ለአንጎል (ለመረጃ ያህል፤ አስተያየት አይጠየቅም)
ለጉበት (በተጠንቀቅ ላይ)
ለአጣጥ (አጥሩ ላይ)

ሳይክሊን ቢ
(ፈርሞ ፈርሷል)