ስለ ከንፈር መምጠጥና ቆሞ ስለ ማየት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያልሰማህም ቆመህ እይ።

ከከንፈር መጣጮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ በቁም ከተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ የወጣ።

በታክሲ ሰልፍ መካከል ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ሕዝባችን ያለ ቀስቃሽና ያለ አበል፣ በኮምፓስ የተሠራ የሚመስል ክብ ሠርቶ የመቆም ችሎታው በሕግ ዕውቅና የሚገባው ሆኖ በመገኘቱ፤

ይህንን ክብ ሥነ ሥርዓት የጎደላቸው አንዳንድ ግለሰቦች ጥሰው እየገቡ የወደቀውን ሰው በመንካት የሕዝቡን የማየት መብት እየተጋፉ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የከንፈር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። በዚህ አዋጅ «ኧረ አንድ ሰው ይርዳው!» ሲባል «አንድ ሰው» ማለት ከተናጋሪው በቀር ያለ ማንኛውም ሰው ነው። ሰልፍ አስከባሪውን፣ ትራፊክ ፖሊሱን፣ የፎቁን ዘበኛና መንግሥትን ይጨምራል።

አንቀጽ 3፣ የተመልካች ግዴታ። ማንኛውም ተመልካች ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አንገቱን ያዘነብላል። «ውይ፣ የሰው ልጅ!» ማለት ይፈቀዳል። «የቤተሰቡ ስልክ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ግን ከሥልጣን በላይ መሄድ ነው። ተመልካቹ በሽታውን የመመርመር ሙሉ መብት አለው። «ሰክሮ ነው»፣ «ቁርስ ስላልበላ ነው»፣ «ልክፍት ነው» የሚሉት ምርመራዎች በእኩልነት የሚስተናገዱ ሲሆን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ይጸናል።

ክብሪት የያዘ ሰው ጭሮ አፍንጫው ሥር እንዲያጨስለት ይበረታታል። የክብሪት ጭስ የሚጥል በሽታን እንደማያቆም ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ሐኪሞቹ ግን ሰልፉ ላይ አልነበሩም። ቁልፍ ወይም ማንኪያ በጥርሶቹ መካከል ማስገባትም እንዲሁ ነው። ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይረዳም፤ ቢሆንም ሲታይ ሥራ የተሠራ ያስመስላል። አረፋውን የነካ ሰው በሽታው ይይዘዋል የሚለውን በተመለከተ፣ በሽታው የአንጎል እንጂ የሚተላለፍ አለመሆኑ ለምክር ቤቱ ተገልጾለት፣ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይተላለፋል ብሎ ወስኗል። ይህ እምነት ከተነሣ በርካታ አባሎቻችን ሁለት እርምጃ ርቀው የሚቆሙበትን ምክንያት ያጣሉ።

አንቀጽ 4፣ የተከለከሉ ድርጊቶች። የወደቀውን በጎኑ ማስተኛት፤ ጃኬት አጥፎ ከራሱ ሥር ማድረግ፤ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ማራቅ፤ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ማላላት፤ ሰዓት አይቶ መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት። እነዚህ ድርጊቶች ጉልበትም፣ ገንዘብም፣ ዲግሪም የማይጠይቁ በመሆናቸው እጅግ አደገኛ ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ሦስት አኃዝ ብቻ መሆኑም ምክር ቤቱን አሳስቦታል። ይሁንና በዚያ ሰዓት ስልኩ ሁሉ ቪዲዮ እየቀረጸ ስለሚሆን መስመሩ አይጨናነቅም።

አንቀጽ 5፣ በጣት ስለ መጠቆም። «አንተ፣ ቀይ ሹራብ የለበስከው! ናማ ራሱን ደግፍልኝ። አንቺ የኔ እህት፣ 907 ደውዪ» ብሎ ከሕዝብ መካከል ሰው ለይቶ ማዘዝ በዚህ አዋጅ ከሁሉ የከፋ ወንጀል ነው። የተጠቆመ ሰው ወዲያው «አንድ ሰው» መሆኑ ይቀርና እሱ ራሱ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ምክር ቤቱ ይህንን አንቀጽ ያረቀቀው በጥናት ተመርኩዞ ነው። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኒው ዮርክ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስገብተው፣ ሌላ ተማሪ በሚጥል በሽታ ሲጣል በድምፅ ማስተላለፊያ አሰሟቸው። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ውስጥ 85 በመቶዎቹ የታማሚው ድምፅ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎች ይሰማሉ ተብለው ከነበሩት ግን የተነሡት 31 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ምክር ቤታችን ይህን ሲሰማ አጨብጭቧል። ጭብጨባው የቆመው ቀጣዩ ገጽ ሲነበብ ነው፦ ያልተነሡትም ቢሆኑ ልበ ደንዳና አልነበሩም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር። ስለዚህ በክቡ ውስጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ የተገኘ ተመልካች እጁን ኪሱ ይከታል።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ ከናካቴው እንዳይነበብ ታግዷል። በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕ ታውን የደኅንነት ካሜራዎች የቀረጿቸው 219 የመንገድ ጠቦች ሲታዩ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶ ገላግሏል። ተመልካች በበዛ ቁጥርም ገላጋይ የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። ይህ ወሬ ከተዛመተ ከአርባ ሰው አንዱ «መቼም አንዱ መግባቱ ካልቀረ እኔው ልግባ» ሊል ይችላል።

አንቀጽ 6፣ ስለ ባለ መኪናዎች። ባለ መኪና በመንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያይ መስኮቱን ከፍቶ ካዘነ በኋላ ዘግቶ ይሄዳል። ወንበሩ በደም እንዳይበላሽ ነው ቢባልም፣ ምክር ቤቱ እውነተኛውን ምክንያት ያውቃል። ቁስለኛ ጭኖ ሆስፒታል የደረሰ ሰው በር ላይ የሚጠብቀው «ምንህ ነው? አንተ ነህ የገጨኸው? ማስያዣ ክፈል፤ ቃልህን ሳትሰጥ እንዳትሄድ» የሚል ነው። አንድ ቀን ደግ ሠርቶ ሳምንቱን ሲመላለስ የከረመ ሰው ሁለተኛ አይቆምም፤ በእሱ መፍረድም አይቻልም። እነዚህን ጠያቂዎች ምክር ቤቱ በክብር አባልነት ተቀብሏቸዋል። እኛ በብዙ ሺህ ከንፈር ያልቻልነውን እነሱ በአንድ ቅጽ አሳክተዋል።

አንቀጽ 7፣ የተሻሩ ሕጎችና ልማዶች። ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ላይ አደጋ ሳያስከትል ሊረዳው እየቻለ አውቆ የተወ ሰው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል የሚለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ተሽሯል። መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ ሽረቱ ብዙም አያስደነግጥም። «የሰው ያለህ!» ሲባል የያዙትን ጥሎ መሮጥ፣ እንዲሁም ሁለት ተጣዪዎች «በሕግ አምላክ» ተባብለው መንገደኛውን ዛፍ ሥር አስቀምጠው ዳኛ የሚያደርጉበት የጥንቱ ልማድ፣ ሥራ የሚያስፈቱ ሆነው በመገኘታቸው አብረው ተሽረዋል።

አንቀጽ 8፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ሊስትሮዎች፣ ሎተሪ አዟሪዎችና የጀበና ቡና ሻጮች አዋጁን ደጋግመው በመጣስ ስለሚታወቁ፣ ግዴለሽነት የሚለማመዱበት የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። በተለይ አንዲት ቡና ሻጭ ነጠላዋን አጥፋ ከወደቀ ሰው ራስ ሥር ስታደርግ፣ ክቡንም «ዞር በሉ፣ አየር ያግኝበት!» እያለች ስትበትን ተደርሶባታል። ምክር ቤቱ አስጠርቶ «ሰውየው ምንሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ምኔም አይደለም፤ አጠገቤ እኮ ነው የወደቀው» ብላ ወደ ስኒዎቿ ተመልሳለች። ምክር ቤቱ መልሱ ስላልገባው ጉዳዩን ለንዑስ ኮሚቴ መርቶታል፤ ንዑስ ኮሚቴውም እያየው ነው።